ምልክት ያደረግኩበት አንቀጽ

«እማዬ፣ ይህን አንቀጽ አንብበሽልኝ ነበር?»

ልጄ ይህን ሲጠይቀኝ ሦስት መርማሪዎች፣ አሥር የሚሆኑ ተወዳዳሪዎችና ታናሽ እህቱ ቆመው ይሰሙ ነበር። የሚጠበቅብኝ አንድ ቃል ብቻ ነው። አዎ ብል ውሸት፣ አይ ብል ጉዴ ይወጣል። ምላሴ ተሳሰረ። ዛሬ ማንም ሳይጠይቀኝ መልሱን እናገራለሁ፤ አላነበብኩለትም።

ማንበብ የተማርኩት በሃምሳ ሦስት ዓመቴ ነው። የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ከሥራ ስወጣ ከቤታችን ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ ባለ አዳራሽ ከሌሎች ትልልቅ ሰዎች ጋር እማር ነበር። መምህራችን ልጄን የምታክል ወጣት ናት። ፊደሉን ጨርሰን ቃል ከቃል ማያያዝ ስንጀምር እንዲህ አለችን፦ «ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ድምፃችሁን አውጥታችሁ ታነባላችሁ። ቤታችሁ ውስጥ ለአንድ ሰው የሚጠቅም ወረቀት ፈልጉ። አንብባችሁ በጨረሳችሁት አንቀጽ ጎን በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ ያኔ የት እንደደረሳችሁ አይጠፋባችሁም።»

እኛ ቤት የሚጠቅም ወረቀት የተባለው የውድድር መኪና ደንብ ነበር።

ልጆቼ ሁለት ናቸው። ወንዱ የአውቶቡስ ጋራዥ መካኒክ ነው። ሁሉን ነገር በሚሊ ሜትር ስለሚለካ «ሚሊ» ይሉታል፤ ጎረቤት በሩ አልዘጋ ሲለው እንኳ «ሚሊን ጥሩልኝ» ነው የሚለው። ሴቷ የዳቦ ቤት መኪና ትነዳለች። አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማትችል ወንድሟ «ፌንጣ» ይላታል። አባታቸው በሕመም ከሞተ ብዙ ጊዜው ነው። ሁለቱ ተጋግዘው አንዲት ያረጀች የቤት መኪና ገዙና ከቤታችን ጀርባ ባለው የቆርቆሮ ጥላ ሥር አቆሟት። የአማተሮች ውድድር ላይ ሊያቀርቧት ነው። እሱ ይሠራል፣ እሷ ትነዳለች። በዚህ ውድድር ማንም ሰው መንገድ ላይ የምትታይ ተራ መኪና ወስዶ፣ ደንቡ የፈቀደለትን ብቻ ቀይሮ ይሮጣል። ያልፈቀደለትን የነካ ወደ ሜዳው አይገባም።

አራት ዓመት ሠሩባት። በአራተኛው ዓመት አዲስ ደንብ ወጣ፣ ሰማንያ ገጽ። ሚሊ የድሮውን በቃሉ ያውቀዋል፤ አዲሱን ግን ገና አላየውም።

«እማዬ፣ አንቺ አንብቢ እኔ ልሥራ» አለኝ። «የኔ እጅ ዘይት ነው፣ መጽሐፉ ደግሞ ንጹሕ ሆኖ ከመኪናዋ ጋር መቅረብ አለበት። አንቺም ትለማመጃለሽ፣ እኔም እሰማለሁ።»

የመጀመሪያው ክፍል ስለ ሞተር ነበር። ባለሦስት እግር በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ መጽሐፉን በንጹሕ ፎጣ ይዤ ጀመርኩ።

«የሞተሩ… መጠን… ከአንድ ሺህ… ስድስት መቶ… ሲሲ…»

«መብለጥ የለበትም» አለ ከመኪናዋ ሥር።

«የማነበው እኔ ነኝ አንተ?»

«ይቅርታ መምህር።»

ሲሲ ምን እንደሆነ ስጠይቀው በቃል አላስረዳኝም። የሞተሩን ክዳን፣ እነሱ ቴስታታ የሚሉትን፣ ጠረጴዛ ላይ ገልብጦ አስቀመጠው። ነዳጁ የሚቃጠልበትን ጎድጓዳ ቦታ በመስታወት ሸፈነና በመስታወቱ ቀዳዳ ቀለም ያለው ውኃ በመርፌ ቀስ እያለ ሞላበት። መርፌው ላይ ያለውን ቁጥር የማነበው እኔ ነኝ። በደንቡ መሠረት ከሠላሳ ሰባት ሲሲ ማነስ የለበትም።

«ስንት ገባ?»

«ሠላሳ ስምንት።»

«ልቤን አታቁሚያት። ድጋሚ እዪው እስቲ።»

«ሠላሳ ስምንት ነው አልኩህ። ዘግይቼ ተማርኩ እንጂ አልታወርኩም!»

ሳቀና ዘይት በነካው ፊቱ ግንባሬን ሳመኝ። አራቱንም ለካን፣ አራቱንም አነበብኩ። ፌንጣ ከሥራ መጥታ ግንባሬ ላይ ያለውን ጥቁር ስታይ «ኧረ በሕግ! እናቴን መካኒክ አደረጋት» አለች። በሕይወቴ እንደዚያ ሳምንት ተፈልጌ አላውቅም።

ከሞተሩ ቀጥሎ የደኅንነት ክፍል መጣ።

እኔ በተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ። ጋዙን ዘግቼ ወጥቼ፣ ከመንገድ ተመልሼ የማየው ሰው ነኝ። ሥራዬም ይህን አባሰብኝ። ከአደጋ ክፍል የሚመጣ አንሶላ በቀይ ከረጢት ለብቻው ይመጣል፤ ከረጢቱን ፈትቼ ወደ ማሽኑ የምከተው እኔ ነኝ። የመኪና አደጋ የሚባለውን ነገር በአንሶላው አውቀዋለሁ። ፌንጣ እወዳደራለሁ ካለችበት ቀን ጀምሮ ቀይ ከረጢት በፈታሁ ቁጥር እሷ ናት የምትታየኝ። ቢሆንም ፍርሃቴ ቅርጽ አልነበረውም።

ደንቡ ቅርጽ ሰጠው። ሹፌሩ ቀበቶውን ፈትቶ በስምንት ሰከንድ ከመኪናው መውጣት መቻል አለበት ይላል። ለምን ስምንት እንደሆነ ስጠይቅ ሚሊ «እሳት ቢነሳ ነው» አለኝ፣ እንደ ዋዛ። የእሳት ማጥፊያው ሹፌሩ ታስሮ ሳለ እጁ በሚደርስበት ቦታ ይሁን ይላል። የጣሪያው ብረት መኪናዋ ብትገለበጥ የሹፌሩን ራስ እንዳይነካ ከራስ ቁሩ በላይ ሃምሳ ሚሊ ሜትር ይራቅ ይላል። ሳላነብ የምፈራው ነገር ስም አልነበረውም፤ ሳነብ ተራ ቁጥር ወጣለት።

ፌንጣ መውጣቱን ተለማመደች። እኔ ቆጣሪ ሆንኩ። መጀመሪያ በአሥራ አንድ ወጣች፣ ከዚያ በዘጠኝ።

«እማዬ፣ አንቺ እኮ ስትቆጥሪ ትሮጫለሽ!»

«ኧረ በዝግታ ነው።»

«በዝግታ? ሰዓቱ ራሱ ሊደርስብሽ አልቻለም!»

ሚሊ በስልኩ ቆጠረላት። ሰባት። በቆርቆሮው ሥር ራስ ቁሯን እንዳደረገች ጨፈረች። እኔ አጨበጨብኩ።

በዚያው ሳምንት ኩሽና ውስጥ ብቻችንን ስንሆን «ልጄ፣ ምነው ብትተይው?» አልኳት። «ወንድምሽ ይሥራት፣ ሌላ ሰው ይንዳት።»

ሳህኑን ማጠቧን ሳታቆም መለሰችልኝ። «እኔ እኮ በቀን አሥር ሰዓት በሠላሳ ኪሎ ሜትር የምነዳ ሰው ነኝ። ቀስ በይ፣ ቁሚ፣ ዳቦው እንዳይጨፈለቅ። ዓመቱን ሙሉ እንዲሁ ነኝ። በዓመት ስድስት ቀን ብቻ ልቀቂኝ እማዬ። ስድስት ቀን።»

እኔ ሰማኋት። ፍርሃቴ ግን አልሰማትም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሞላና የሾክ አብዞርበሩ ክፍል ላይ ደረስን። ሚሊ በዚያ ሳምንት አንድ ሥራ ጨርሶ ነበር፣ በጣም የኮራበት። ሞላዎቹን በአጭር ስለቀየራቸው መኪናዋ ወደ መሬት ወርዳለች። መውረዷ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የፊት ጎማዎቹን ከአካሏ ጋር የሚያያዙት የብረት ክንዶች በመውረዷ ምክንያት ተንጋደዱ። ሚሊ የክንዶቹን መያዣ ከአካሏ ቆርጦ አሥራ አምስት ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጎ በየደው። ክንዶቹ እንደ ጠረጴዛ ልክ ሆኑ። ብየዳው ያምራል፤ አንድ ላይ የተደረደሩ ትንንሽ ሳንቲሞች ይመስላል። የድሮው ደንብ ስለዚህ ነገር ምንም አይልም ነበር።

የመጀመሪያውን አንቀጽ አነበብኩ። ሞላ መቀየር ይፈቀዳል።

«እሰይ!» አለ ከሥር።

ሁለተኛውን አነበብኩ። ለአንድ ጎማ ከአንድ ካልበለጠ ማንኛውም ዓይነት ሾክ አብዞርበር ይፈቀዳል።

«እሰይ!»

ስንተባተብ እንዳይሰማኝ ብዬ ሁልጊዜ መጀመሪያ በዓይኔ፣ ከዚያ በድምፄ ነው የማነበው። ሦስተኛውን በዓይኔ አነበብኩት። «የክንዶቹ መያዣ ፋብሪካው ከሠራበት ቦታ መነሳት የለበትም። በብየዳ ማጠናከር ይፈቀዳል፤ ማንቀሳቀስ ክልክል ነው።»

አንዴ ብቻ አንብቤ ገባኝ። ምን ማለት ነው ብዬ ማንንም ሳልጠይቅ፣ ጣቴን ከቃል ወደ ቃል ሳልጎትት የገባኝ የመጀመሪያው አንቀጽ ይህ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ሌላ ነገር አሰብኩ። መኪናዋን ሲመረምሯት ይመልሷታል። ልጆቼ አንድ ቀን ያዝናሉ፣ ሁለት ቀን ይነጫነጫሉ፣ ይሰለቻቸዋል፣ ያበቃል። ማንም አይቃጠል፣ ማንም አይገለበጥ።

«ቀጥሎስ?» አለ ሚሊ። ከመኪናዋ ሥር የሚታየኝ ጫማው ብቻ ነበር።

አራተኛውን አንቀጽ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ስለ ጎማ ስፋት ነበር። ከዚያ እርሳሴን አንስቼ በአራተኛው ጎን ምልክት አደረግኩ፣ በሦስተኛውም። ክፍት ብተወው ገጹን ሲገልጥ ያየዋል ብዬ ነው። ምልክቱ ከሌሎቹ ጋር አንድ ዓይነት እንዲሆን ተጠንቅቄ ነው ያደረግኩት።

ከዚያ በኋላ የቀሩት ገጾች የቀለም፣ የተለጣፊ ቁጥርና የቅጣት ነበሩ። ሚሊ «የሚያስፈራው አልቋል፣ ይበቃናል» አለ። እኔም እፎይ አልኩ። ቅጣት የሚለውን ክፍል አንብቤው ቢሆን ኖሮ፣ ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ።

እስከ ምርመራው አሥራ ሁለት ሳምንት ነበር። ልነግረው ያልኩባቸውን ቀናት አልረሳቸውም። አንድ ቀን ሻይ ይዤለት ወጣሁና «ሚሊዬ፣ ያ ክንዱ…» ብዬ ጀመርኩ። «አየሽው አይደል? ልክ ነው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ግማሽ ሚሊ ልዩነት የለውም!» አለኝ። ሻዩን አስቀምጬለት ተመለስኩ። ሌላ ቀን ፌንጣ የምትለብሰውን የእሳት መከላከያ ልብስ እጅጌ እንዳሳጥርላት ሰጠችኝ። መርፌው ጣቴን ወጋኝ። ያን ቀንም አልተናገርኩም። በዘገየሁ ቁጥር የምናገረው ነገር እየከበደ ሄደ፤ መጀመሪያ አንድ አንቀጽ ነበር፣ ኋላ ላይ አሥራ ሁለት ሳምንት ዝምታም ተጨመረበት።

የምርመራው ቀን ጠዋት ሁላችንም ሄድን። ትልቅ መጋዘን ነው፤ መኪኖቹ ተሰልፈዋል። ዋናው መርማሪ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሽማግሌ ነው። ሞተሩን ሁለት ሰዓት መረመሩት። ክዳኑን አስፈትተው በራሳቸው መርፌ ለኩት።

«ሠላሳ ስምንት» አለ ሽማግሌው። «የኔ ልጅ፣ እዚህ መጋዘን ውስጥ ባለቤቱ ማመልከቻው ላይ ከጻፈው ቁጥር ጋር የገጠመ መኪና ያንተ የመጀመሪያው ነው።»

ሚሊ ወደ እኔ ዞሮ ጠቀሰኝ። ሞተሩን ዘግተው፣ ማንም ደግሞ እንዳይከፍተው ብሎኖቹን በሽቦ አሰሩና በማኅተም አተሙት። ፌንጣ ልብሱን ለብሳ፣ ራስ ቁሩን በብብቷ ይዛ በአንድ እግሯ ትዘላለች። ሁለቱ እንደዚያ ሆነው ሳያቸው ምነው ክንዱን ባያዩት ብዬ ተመኘሁ። አሥራ ሁለት ሳምንት እንዲያዩት ስመኝ ቆይቼ፣ በዚያች ሰዓት ምነው ባያዩት አልኩ።

አዩት። አንዱ መርማሪ መኪናዋ ሥር ገብቶ መለኪያ አስቀመጠ፣ ድጋሚ አስቀመጠ፣ ሽማግሌውን ጠራው።

«ይህን መያዣ ያነሳው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ሚሊ። «አሥራ አምስት ሚሊ።»

«ክልክል ነው።»

«ሞላም ሾክ አብዞርበርም ይፈቀዳል፣ ጌታዬ።»

«እነሱ ይፈቀዳሉ። መያዣው አይፈቀድም። መጽሐፋችሁን እስቲ።»

መጽሐፉ እኔ ጋ ነበር፣ በፎጣው እንደተጠቀለለ። ፈትቼ ሰጠሁት። ገለጠ፣ በጣቱ ወረደ፣ ቆመ። «ይኸው። ሦስተኛው አንቀጽ።» መነጽሩን አደረገና ጠጋ ብሎ አየ። «ደግሞ ምልክት ተደርጎበታል።»

ወደ ሚሊ ዞረ።

«ስማኝ ልጄ» አለው። «ሳያውቅ የሠራ ሰው አስተካክሎ በሦስት ሳምንት ይመለሳል። ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል፣ ነውር የለውም። አንብቦ፣ አውቆ የሠራ ግን እሱም መኪናውም ሁለት ዓመት ይታገዳሉ። ይህን አንቀጽ አንብበኸዋል?»

ሚሊ መጽሐፉን ተቀብሎ ምልክቱን አየ። ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ ቀና አለና ያን ጥያቄ ጠየቀኝ።

እሱ ፊቴን አነበበው። ስንት ሰከንድ እንደቆየ አላውቅም፤ ግንባሩ ላይ የነበረው ግራ መጋባት ቀስ እያለ ሲሄድና ሌላ ነገር ሲመጣ አይቻለሁ። ወደ ሽማግሌው ዞረ።

«ምልክቱ የኔ ነው። አንብቤዋለሁ።»

«አውቀህ ነው?» አለች ፌንጣ። ድምጿ ቀጠነ። «ሚሊ፣ አውቀህ ነው የሠራኸው?»

«አውቄ ነው። አያገኙትም ብዬ ነው።»

«አጭበርብረህ?! አራት ዓመት፣ አራት ዓመት ሙሉ እኔ… አንተ እኮ ለግማሽ ሚሊ እንቅልፍ የምታጣ ሰው ነህ!»

እኔ ያኔም ቢሆን ልናገር እችል ነበር። ሽማግሌው ብዕሩን ገና አላነሳም። ሦስት ሳምንት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። የሁሉም ዓይን እኔ ላይ የሚዞርበት ያ ቅጽበት ግን ከቀይ ከረጢቱ በላይ አስፈራኝ። ሽማግሌው ጻፈ። ፌንጣ ጓንቷን መሬት ላይ ጥላ በእግሯ ወጣች።

በማግሥቱ ጠዋት ሚሊ ኩሽና መጥቶ ከፊቴ ተቀመጠ።

«ፈርተሽ ነው አይደል?»

«አዎ ልጄ።»

«ብትነግሪኝ ኖሮ በግማሽ ቀን እመልሰው ነበር። ግማሽ ቀን ነው ሥራው።»

«ለምን እኔ ነኝ አልክ ታዲያ?»

እጆቹን አየ። «ሰው ፊት ነበርሽ። ደግሞ ማንበብ ስትጀምሪ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።» ከወንበሩ ተነሳና፣ «ለሷ አትንገሪያት። በአንዳችን ብቻ ብትቆጣ ይሻላል፤ እኔ ነገ ብወጣም አንቺ አብረሻት ነሽ የምትኖሪው» አለኝ።

በአውቶቡስ ጋራዡ ወሬው ደረሰ። ሚሊ መባሉ ቀርቶ «አሥራ አምስት» ይሉት ጀመር። ቁልፍ ሲያቀብሉት «አሥራ አምስት፣ ይህችን እንካ፤ ትንሽ ከፍ አድርገህ እሰራት» ይሉታል። መጀመሪያ አብሮ ይስቅ ነበር። እህቱ በአንድ ጠረጴዛ እየበላች አታናግረውም። በሦስተኛው ወር ሩቅ ከተማ፣ ድንጋይ የሚጭኑ ከባድ መኪኖች የሚጠገኑበት ጋራዥ ሥራ አገኘ። ዕቃውን በሁለት ሻንጣ ይዞ ሄደ። በር ላይ ሲስመኝ አንገቴ ሥር ጥቂት ቆየ።

ለፌንጣ የነገርኳት እሱ ከሄደ ከሰባት ወር በኋላ ነው። እሁድ ጠዋት ነበር፣ የታጠበ ልብስ አብረን እያጠፍን። ከሦስተኛው አንቀጽ ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳት።

«ምልክቱን ያደረግሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ልብሴን ስታሳጥሪልኝ፣ መጋዘኑ ውስጥ ስዘል፣ ሁሉን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

የያዘችውን አንሶላ ጨርሳ አጠፈችው፣ ጥግ ከጥግ አገጣጥማ። ከዚያ ጓሮ ወጥታ ወንድሟ ጋ ደወለች። በመስኮቱ በኩል ጀርባዋ ብቻ ነበር የሚታየኝ። ስትመለስ «‹አውቃለሁ፣ ተያት› አለኝ» ብቻ አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ይደዋወላሉ። እንዲመለስ ለመነችው፤ እዚያ ሥራውን እንደለመደው፣ ማንም በቁጥር እንደማይጠራው ነገራት። እገዳው ሲያበቃ ሌሎች ሰዎች መጥተው የእነሱን መኪና እንድትነዳ ጠየቋት። በሩን ይዛ ቆማ ሰማቻቸውና «ሚሊ ያልሠራት መኪና ላይ አልቀመጥም» ብላ መለሰቻቸው። የኛን መኪና ሌላ ሰው ወሰዳት። ቆርቆሮው ሥር አሁን ልብስ አሰጣበታለሁ።

ፌንጣ አትቆጣኝም። ጠዋት ስትወጣ «ደህና ዋይ እማዬ» ትለኛለች፣ ማታ ዳቦ ይዛልኝ ትመጣለች። ቀን ሙሉ በሠላሳ ኪሎ ሜትር ትነዳለች። ራት በልተን ሳህኑን ታጥባለች፣ ትተኛለች። እንደ ድሮ አትዘልም። ወንድሟ ያወጣላትን ስም እኔም አልጠራትበትም።

እሷ እኔ ጋ ቀርታለች። እሱ ሄዷል።